ሐመሩ ሐ

ተናኘወርቅ ከአፍንጮ በር ወርዳ የራስ መኮንንን ድልድይ ስትሻገር በነጠላዋ ስር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ታቅፋ ነበር። ሕፃን የያዘች የመሰለቻት አንዲት አሮጊት «እግዜር ያሳድግልሽ» ብላ መርቃት አለፈች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለመምህር ወልደሥላሴ አውርታላቸው አብረው በሳቁ ነበር። ዛሬ ግን መምህር ወልደሥላሴ የሉም። ትናንት ረፋድ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ውቤ በረሃ ካለችው አንድ ክፍል ቤታቸው አውጥተው፣ የእጅ ጽሑፋቸውን በጆንያ ሞልተው ወስደዋቸዋል። ጆንያውን ያሸከሟቸውም ራሳቸውን ሽማግሌውን ነው።

ዓመቱ ስልሳ ዘጠኝ፣ ወሩ ግንቦት ነው። በዚያ ወር ቀበሌ የገባ ሰው በሁለት ቀን ካልተፈታ ቀበሌዎችን ወደሚያዘው ከፍተኛ ይተላለፋል፤ ከፍተኛ ለገባው ስንቅ ይዞ የሚሄድ ዘመድ ደግሞ አንድ ጠዋት «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባልና ሳህኑን ይዞ ይመለሳል። ተናኘወርቅ ይህን ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ራሴን አሞኛል ብላ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወሰደች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። የእጅ ጽሑፉን ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም፤ መስመሩ የተጨናነቀ፣ ኅዳጉ በቀይ እርሳስ የተሞላ ነው። እሷ በታይፕ የገለበጠችው ግን ንጹሕ ነው። ይህን ካዩ መጽሐፍ መሆኑ ይገባቸዋል፣ መጽሐፍ መሆኑ ከገባቸው ይለቋቸዋል። የዋህነት ነው፤ ግን በዚያ ወር ብልህ የሆነ ሐሳብ የነበረው ማን ነበር?

ከቤት ስትወጣ ታናሽ እህቷ አይናዲስ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። የስድስት ኪሎ ተማሪ ናት፤ ከዘመቻ ከተመለሰች ወዲህ ትምህርቱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቀኑን ብዙውን ጊዜ ቤት ትውላለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ሂጂ ግን ወረቀቱን አትውሰጂው።»

«ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልበላቸው?»

«አትውሰጂው በቃ! በናትሽ!»

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ እንኳ ወኔ ይኑርሽ! እንደ ልጃቸው ነው እኮ ያስተማሩሽ።»

አይናዲስ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ተናኘወርቅ ፍርሃት ነው ብላ አለፈቻት፤ አፈረችባትም።

መምህር ወልደሥላሴ ጎጃም ገብተው የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ፣ ኋላም ግሪክ አገር ተልከው ፍልስፍና ያጠኑ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት የደከሙበት መጽሐፍ «ነገረ ሕዋሳት» ይባላል። ሰው በማየት፣ በመስማት፣ በማሽተት፣ በመቅመስና በመዳሰስ እውነትን እንዴት ያውቃል? የግሪክ ፈላስፎች ስለዚህ ያሉትንና የእኛ ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉሙ ያሉትን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጋግሯቸዋል። የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል ከፈታ በኋላ «አንድም» ይልና ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ተናኘወርቅ ይህችን «አንድም» ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታቻት አታውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ነጠላዋን አስቀምጣ ታይፑ ፊት ስትቀመጥ ኖራለች። እሳቸውም እሷ ሥራ ላይ ስትሆን ቀን ቀን በትርፍ ቁልፍ ከፍተው እየገቡ የመታችውን ያርማሉ።

ደግሞ እርማታቸው! ለመምህር ወልደሥላሴ እሳቱን ሰ በንጉሡ ሠ ቦታ መጻፍ እንግዳን በሌላ ሰው ስም ከመጥራት አይተናነስም። ፒያሳ ላይ «ስጋ ቤት» ብሎ በእሳቱ ሰ ከጻፈ ባለ ሥጋ ቤት ሥጋ አይገዙም። «ሥጋ በንጉሡ ካልተጻፈ እኔ አጥንት ነው የምለው» ብለው እስከ ጊዮርጊስ ማዶ ይሄዳሉ። አይናዲስም ከሳቸው ጋር በዋለች ቁጥር ይህ ነገር ተጋብቶባት፣ «ሕዝብ በሐመሩ ሐ፣ ኃይል በብዙኃኑ ኀ» እያለች ስትዞር ጓደኞቿ ደብተራዋ ይሏት ነበር።

ታይፑ አገሩ ከገባ ጣሊያን የተገዛ ነው። ቤት ስትለቅ ከጋሪ ላይ ወድቆ የሐመሩ ሐ ግራ እግር ተጎርዷል፤ ከዚያ ወዲህ ሐም ትሁን ሕ አጭር እግሯን አንጠልጥላ ነው የምትወጣው። ተናኘወርቅ ላሠራው ብላ ነበር። «ተይው ልጄ፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል። አብረን እናነክሳለን» አሏትና ቀረ።

ቀበሌው በር ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ኑሪ ነበር። ፊት ለፊት ወረቀትና ደብተር የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ መምህር ወልደሥላሴ አንድ ጫፉ ቀይ አንድ ጫፉ ሰማያዊ የሆነውን እርሳሳቸውን የሚገዙት ከሱ ነው። የጥበቃ ተራ ደርሶት ሱቁን ዘግቷል፤ ጠመንጃውን እንደ ጃንጥላ ነው የያዘው።

«እህቴ፣ ምን አመጣሽ እዚህ?»

«የኔታን ላስፈታ።»

«ቀስ! ድምፅሽን ቀስ አድርጊ» አለና ወደ በሩ ተገላመጠ። «ነገሩ ከባድ ነው ወላሂ። አምስት ሕዋስ ተገኝቶባቸዋል።»

«የምን ሕዋስ?»

«የኢሕአፓ ነዋ! ጆንያው ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። አንዱ ሕዋስ ዓይን ይባላል፣ አንዱ ጆሮ፣ አንዱ አፍንጫ… የምስጢር ስማቸው ነው አሉ። እኔ መቼም አላነበብኩም።»

ተናኘወርቅ ሳቋ አመለጣት። ኑሪ ግን አልሳቀም። እሷም ሳቋን ቆረጠችው። እውነትም ዘንድሮ ሕዋስ ማለት ማታ ተሰብስቦ የሚመክር የድርጅት ሰው ማለት ነው። ለሺህ ዓመት ዓይንና ጆሮ የነበረው ቃል በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው የሚያስገድል ቃል ሆኖ ነበር፤ እሷም እሳቸውም ያንን ሁሉ ሲጽፉ ከቁብ አልቆጠሩትም።

ቀበሌው የተቀመጠበት ቤት ከአብዮቱ በፊት የወይዘሮ ዘነቡ ቡና ቤት ነበር። ባንኮኒው እንዳለ ነው፤ ጠርሙስ ይደረደርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ ፋይል ተደርድሯል። ከባንኮኒው ኋላ የአብዮት ጥበቃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ፈቀደ ተቀምጧል። ፈቀደ ሲኒማ ቤት ትኬት ይቆርጥ የነበረ ሰው ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት ተናኘወርቅ የሥራ ማመልከቻ በነፃ መትታለታለች። ሁለት ጠባቂዎች የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«አስታወስኩሽ» አለ ፈቀደ። «ጥሩ ሰው ነሽ። ለምን እዚህ ውስጥ ትገቢያለሽ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሕተት ተፈጥሮ ነው የመጣሁት። ይህን ይዩት።» ጥራዙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ሳይፈቅድላት ገልጣ ማንበብ ጀመረች። «ሕዋሳት አምስት ናቸው። ዓይን ያያል፣ ጆሮ ይሰማል፣ አፍንጫ ያሸታል፣ ምላስ ይቀምሳል፣ እጅ ይዳስሳል። አምስቱም ያገኙትን ለልብ ያቀብላሉ፤ ልብም ይፈርዳል።»

ፈቀደ እርሳስ አነሣ። «ልብ የሚባለው ማነው?»

«ልብ ነዋ! ይኸው ይኼ!» ደረቷን መታች። ቀጥላ አፍንጫዋን ያዘች፣ ጆሮዋን ጎተተች። ታሳዝናለች፤ ታስቅማለች። «ሕዋስ በግእዝ ይሄ ነው። ድርጅት አይደለም። እርስዎም እኮ አምስት ሕዋስ አለዎት ጓድ ሊቀመንበር!»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ፈነዳ። «በለው! ጓድ ፈቀደ አናርኪስት ሆነልሃ!» ሁለተኛውም ተከተለ። ፈቀደ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ራሱም ሳቀ። አፍንጫውን ነካ አደረገና «ታዲያ ይኼኛውን ሕዋስ ጉንፋን ይዞታል» አለ። ቤቱ የድሮውን ቡና ቤት መሰለ።

ተናኘወርቅ በሁለት እጇ ባንኮኒውን ያዘች። አለቀ፤ ይለቋቸዋል፤ ማታ ራት እሷ ቤት ይበላሉ። ፈቀደም ጥራዙን ወደ ራሱ ስቦ እየሳቀ ገጾቹን ይገልጥ ጀመር። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ። አራተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ሳቁም ቆመ።

መሳቢያውን ከፍቶ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጣና ከጥራዙ ጎን ዘረጋት። ሰሞኑን በታይፕ እየተመቱ በየአጥሩ ስር ከሚበተኑት የኢሕአፓ ወረቀቶች አንዷ ናት።

«እሺ» አለ። «አፍንጫና ጆሮውን ተውነው። ይኼስ ምንድነው?»

ጣቱ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ላይ ነበር። ሕ ፊደሏ ግራ እግሯን አንጠልጥላለች። ዝቅ ብሎ «ኢሕአፓ» ላይም አንጠልጥላለች። ጥራዙ ውስጥ «ሕዋሳት» ላይም፣ በየመስመሩ፣ በየገጹ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ላይ ያቺው አንካሳ ፊደል።

ተናኘወርቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አየቻቸው። እስከዛሬ ጠዋት በነዚህ ሰዎች እጅ የነበረው የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ወረቀቷ ከማን ቤት እንደወጣች የሚያውቅ አልነበረም። ማስረጃውን በነጠላዋ ሸፍና፣ በእግሯ መጥታ፣ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው ራሷ ናት። «ወረቀቱን አትውሰጂው» ያለችው የአይናዲስ ድምፅ አሁን ገና ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ያ ድምፅ የፈሪ ድምፅ አልነበረም።

«ታይፑ የማነው?»

«የኔ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

«ይህቺን የመታሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ካንቺ ሌላ ማን ይነካዋል?»

እህቴ ብትል እህቷን ገደለች። ማንም አይነካውም ብትል ራሷን ገደለች፤ እሷ ከሞተች ደግሞ ቤቱ ይፈተሻል፣ አይናዲስ እዚያው ቤት ናት። ፈቀደ ጥያቄውን ደገመው። ሳጥኑ ላይ የነበሩት ሁለቱ ተነሥተው ቆሙ።

«ሽማግሌውን አምጡት» አለ ፈቀደ።

መምህር ወልደሥላሴን ጠርሙስ ይቀመጥበት ከነበረው ጓዳ አወጧቸው። ጥምጥማቸው የለም፤ ባዶ ራሳቸውን አይታ አታውቅም ነበርና ዓይኗ በእንባ ሞላ። እሳቸው መጀመሪያ ያዩት እሷን ሳይሆን ባንኮኒው ላይ ያለውን ጥራዝ ነው፤ ቀጥሎ ከጎኑ ያለችውን ወረቀት፤ ከዚያ የተናኘወርቅን ፊት። ሦስቱን አንብበው ሲጨርሱ የሆነው ሁሉ እንደገባቸው ታወቃት።

«ይህቺን ወረቀት ታውቃታለህ?» አለ ፈቀደ። ትናንት «አባት» ይላቸው ነበር፤ አሁን አንተ ሆኑ።

«መነጽሬን ስጡኝ።»

ሰጧቸው። ወረቀቷን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ያነበበ ሰው ሁሉ የሚገደልበትን ወረቀት እንደ ተማሪ ደብተር ነበር የሚያነቡት። ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁለት ስሕተት ቀርቷል» አሉ።

«ምን?»

«ሁለት የፊደል ስሕተት። ሌላው ደኅና ነው። ይህን ያረምኩት እኔ ነኝ።»

ተናኘወርቅ የመምህር ወልደሥላሴን ጠባይ ታውቃለች፤ ዋሽተው አያውቁም፣ ለቀልድ እንኳ። እውነት ነው ማለት ነው። አንድ ቀን በትርፍ ቁልፋቸው ከፍተው ሲገቡ አይናዲስን ታይፑ ላይ አግኝተዋታል። አልጮኹም፣ አላጋለጡም። ምናልባት ለምነዋት ይሆናል፤ ምናልባት እንቢ ብላቸው ይሆናል። ከዚያ ግን ጠማማ ፊደል አይተው ማለፍ ስለማይችሉ ቀዩን እርሳስ አውጥተው ቁጭ ብለው አርመውላታል። ተናኘወርቅ ሊያስቃትም ሊያስጮኻትም ደረሰ።

ፈቀደ ወረቀቷን ከእጃቸው መነጨቀ። «ታይፑ እሷ ቤት ነው ያለው።»

«እሷ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ናት። የበሩ ትርፍ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።» ከካባቸው ኪስ ቁልፉን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ፊደሉን ተመልከት። ሠራዊት በንጉሡ ሠ፣ ኃይል በብዙኃኑ ኀ። በዚህ ሠፈር እንዲህ የሚጽፍ ሌላ ሰው ታውቃለህ?»

ፈቀደ ወረቀቷን አየ፤ ጥራዙን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው እፍረት ወደ ቁጣ ሲለወጥ ይታይ ነበር። አፍንጫና ጆሮ እየተባለ በጠባቂዎቹ ፊት የተሳቀበት ገና አልበረደለትም።

«ስለዚህ አምስቱ ሕዋስ…»

«አምስቱም ሕዋሳት የእኔ ናቸው» አሉ መምህር ወልደሥላሴ።

እዚህ ላይ ዝም አሉ። ተናኘወርቅ ግን ሰባት ዓመት ጣቷ የለመደው ነገር ነውና ያላሉትን ቃል ሰማችው፦ አንድም። ዓይናቸው የሳቸው ነው፤ ጆሯቸው የሳቸው ነው። አንዲት ሐሰት አልተናገሩም። ፈቀደ የሰማው የፊተኛውን ፍቺ ነው፤ ኋለኛው ለእሷ ብቻ ተትቷል። አፏን ከፍታ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዲህ ማለታቸው አይደለም» ልትል ትችል ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጣሉባት፤ የተሳሳተ መስመር ስትመታ እንደሚያዩዋት። አፏን ዘጋች። በሕይወቷ ይህን ያህል ከባድ ነገር አንሥታ አታውቅም።

«አዛዡ ማነው?» አለ ፈቀደ። «ልብ ያልከው?»

መምህር ወልደሥላሴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አንተው ራስህ ነህ ማለት ነው!»

«አንተ ነህ ያልከው።»

ፈቀደ ቃሉን ራሱ በእስክሪፕቶ ጻፈው፤ አራት መስመር ነው። «ፈርም» ብሎ አዞረላቸው። ዝቅ ብለው አነበቡና እስክሪፕቶውን ሳይቀበሉ ቀና አሉ።

«ይህን አልፈርምም።»

ተናኘወርቅ ሐሳባቸውን ለወጡ አለች፤ ወዲያው የአይናዲስ ፊት መጣባትና በተስፋዋ ደነገጠች።

«ለምን አትፈርምም?»

«ሕዋስ በሐመሩ ሐ ነው። አንተ በሃሌታው ሀ ነው የጻፍከው።»

ጠባቂዎቹ ተያዩ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ፈቀደ ሊመታቸው እጁን አነሣ፤ ከዚያ አወረደው፣ ሰረዘው፣ አስተካከለው። መምህር ወልደሥላሴ ማስተካከሉን አዩና ስማቸውን በንጉሡ ሠ አሳምረው ፈረሙ።

ላንድሮቨሯ ደጅ ላይ ነበረች። ወደ ከፍተኛ ሲወስዷቸው በበሩ በኩል በተናኘወርቅ አጠገብ አለፉ፤ አላነጋገሯትም። ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ ደረጃውን ወረዱ።

«ታይፑ ይወረሳል» አለ ፈቀደ ቀና ሳይል። «ኑሪ፣ አብረሃት ሂድና ተሸክመህ አምጣ። አንቺ ዕድለኛ ነሽ።»

እስከ አፍንጮ በር ድረስ ኑሪ ጠመንጃውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ ከኋላዋ ይከተላል። በሯ ጋ ሲደርሱ ሲጃራ አወጣ። «ታይፕ ከባድ ነገር ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ቶሎ አይነሣም። እኔ ይህቺን ልጨርስ።» ገባትና ቶሎ ገብታ በሩን ዘጋች።

አይናዲስ ከታይፑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። እህቷ ባዶ እጇን መግባቷን ስታይ ብድግ አለች። ተናኘወርቅ ልትመታት ነበር የመጣችው፤ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው እሱን ነው። ከመስቀያው ላይ ኮት አውርዳ ወረወረችላት።

«በጓሮ በኩል ውጪ። አሁኑኑ።»

«የኔታስ?»

«ከፍተኛ ወሰዷቸው። እኔ ነኝ ያረምኩት ብለው ፈረሙ።»

አይናዲስ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተንሸራተተች። ኮቱን አንዱን እጅጌ ብቻ አጥልቃ ቀረች።

«ሌላ ምን አሉ?»

«ሁለት ስሕተት ቀርቷል አሉ።»

አይናዲስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ወረቀቷን ከመጀመሪያው ቃል አንሥታ በልቧ እያነበበች ነበር።

«የትኞቹ?» አለች።

ተናኘወርቅ አላወቀችም። የትኞቹ እንደሆኑ ሳይናገሩ ነበር ወረቀቷ ከእጃቸው የተነጠቀችው። ደጅ ላይ ኑሪ ሲጃራውን በጫማው አጠፋና በሩን አንኳኳ።